የመድኃኒት ፓተንት መመሪያና የመርማሪው ዐቅም

አርጀንቲናዊው ምሁር ካርሎስ ኮሬያ ስለ መድኃኒት ፓተንት ምርመራ ያዘጋጁት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት ከተሳተፈበት የጋራ ሥራ የተገኘ ነው። ሲታይ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የተጻፈ ቢመስልም ጉዳዩ የሐኪሙም የፋርማሲስቱም ነው። አንድ ፓተንት በመርማሪው ውሳኔ ሲጸድቅ፣ ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ እስከ 20 ዓመት ድረስ ተፎካካሪ አምራቾችን ከገበያ ሊያግድ ይችላልና።

የመመሪያው መነሻ ጠንካራ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮአዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 27 አዲስነትን፣ የፈጠራ ብቃትንና የኢንዱስትሪ ተግባራዊነትን ይጠይቃል፤ ትርጓሜያቸውን ግን አልደነገገም። ስለዚህ አገሮች መመዘኛውን ከፍ አድርገው ሊተረጉሙት ይችላሉ። ኮሬያ የታወቁ ውሑዶችን አዳዲስ ጨዎች፣ የክሪስታል ቅርጾች፣ ጥምር መድኃኒቶችና የአወሳሰድ መጠኖች በየተራ እየመረመሩ፣ አብዛኞቹ በሙያው ለሠለጠነ ሰው የተለመደ ሥራ መሆናቸውን ያስረዳሉ።

የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ በሕንድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተሻሻለው የሕንድ ሕግ የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ ቅርጽ የተሻለ ፈዋሽነት ካላሳየ ፓተንት እንዳይሰጠው ይከለክላል። በዚሁ መሠረት ለደም ካንሰር በሚሰጠው ኢማቲኒብ የክሪስታል ቅርጽ ላይ የቀረበው ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2006 በቼናይ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ውድቅ ሆነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 ውሳኔውን አጸና። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚታዘዘው የቤዳኩዊሊን ጨውም እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው አገር ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። በሁለቱም ጉዳዮች መቃወሚያ ካቀረቡት መካከል ከበሽታው የዳኑ ሰዎች ወይም የሕሙማን ማኅበር ይገኙበታል።

የመመሪያው ጉድለት በሌላ በኩል ነው። ምን ውድቅ መደረግ እንዳለበት በዝርዝር ሲያስተምር፣ ውድቅ የማድረግ ዐቅም ያለው መርማሪ ከየት እንደሚገኝ ለሚለው ጥያቄ በዚያው ልክ ቦታ አልሰጠም። ፒተር ድራሆስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በታላላቆቹ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠለጥኑ የታዳጊ አገሮች መርማሪዎች የእነዚያኑ ውሳኔ የማመን ልማድ ይዘው ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ጽሕፈት ቤት የዓለምን የቴክኒክ ሰነድ ሁሉ ብቻውን ሊፈትሽ አይችልም፤ የሌሎችን የፍለጋ ውጤት መጠቀሙም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የተገኘውን ሰነድ መጋራትና ፍርዱን መቅዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ፈጠራ ብቃት መፍረድ የየአገሩ ሕግ ሥልጣን ነው።

ያው ስምምነት በአንቀጽ 67 የበለጸጉ አገሮች፣ ሲጠየቁና በጋራ በሚስማሙበት ሁኔታ፣ የቴክኒክና የገንዘብ ትብብር እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የትብብሩ ጥራት መመዘን ያለበት በተሰጡ ኮርሶች ብዛት ሳይሆን፣ መርማሪው በራሱ ሕግ ተመሥርቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት በመቻሉ ነው። ለዚህም ጨው መቀየር መቼ የዕለት ተዕለት የቅመማ ሥራ፣ መቼ እውነተኛ ግኝት እንደሆነ የሚያውቁ የፋርማሲና የሕክምና መምህራን በሥልጠናው ሊሳተፉ ይገባል። ኮሬያ መለኪያውን አዘጋጅተዋል፤ መለኪያውን የሚይዘውን እጅ ማሠልጠን ግን የጤና ባለሙያው ድርሻ ጭምር ነው።