«ጦቢያ»፦ የጀግናዋ መንገድ የት ላይ ተቆረጠ?

ዛሬ «ልዕለ ጀግና» ሲባል ወጣቱ የሚያስበው እ.ኤ.አ. በ1938 ብቅ ያለውን ሱፐርማንን ወይም በ1966 የተፈጠረውን ብላክ ፓንተርን ነው። ከእኛም ወገን ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው «ጀምበር» በተሰኘው የሥዕል መጽሐፍ፣ ሥራ ፈላጊውን የአዲስ አበባ ምሩቅ አማኑኤል ጥላሁንን ባለ ልዩ ኃይል አድርጎታል፤ «ሃዊ» ደግሞ ሴት ጀግና ይዛ ተከትላለች። እነዚህ በሥዕል የተነገሩ ናቸው። በዝርው አጭር ታሪክ ግን «ጀግና ማን ሊሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከአማርኛ ልብ ወለድ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ አንባቢው በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እያለ የሚጠራው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። የጀግንነቱን ሸክም ያሸከመውም አንዲት ልጃገረድን ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ከአረማዊ ንጉሥ ጋር ሲዋጋ ተሸንፎ ይማረካል። መንታ ልጆቹ ዋህድና ጦቢያ በችግር ላይ ሳሉ አንድ የማያውቁት ነጋዴ አባታቸው የሚቤዥበትን ገንዘብ ይሰጣል። አባት ነጻ ይወጣል። ዋህድ ግን የነጋዴውን ውለታ ሳይከፍል መቀመጥ አልሆነለትምና ሊፈልገው ሲወጣ ተይዞ በባርነት ይሸጣል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። መንገዱ ከአረማዊው ንጉሥ ቤት ያደርሳታል፤ ወንድሟ ይገኛል፤ ማንነቷም ይገለጣል። ንጉሡ እርሷን ለማግባት ሲል ከነሕዝቡ ክርስትናን ይቀበላል፤ ዋህድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል።

መጽሐፉ ለጊዜው ምን ያህል ደፋር እንደነበረ የሚገባው፣ በዚያ ዘመን ጀግና በማን አፍ እንዴት ይነገር እንደነበር ያሰበ ሰው ነው። በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንቷን አርብ ገበያን፣ እንዲሁም ስማዳንና እስቴን ብንወስድ፣ ጀግና የሚታወቀው በፉከራና በቀረርቶ ነበር። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ ስሙን፣ የአባቱን ዘር፣ የጣለውን ጠላት ይቆጥራል። ጀግንነቱ ከስሙ ጋር በአደባባይ ይታወጃል። ጦቢያ ግን ስሟን ደብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አንድም ሰው ሳትገድል ትጓዛለች። ኃይሏ ትዕግሥቷና ብልኃቷ ነው። ይህ በአማርኛ ትረካ ውስጥ ለጀግንነት አዲስ መለኪያ ነው።

ሙሉ በሙሉ ያለ ዘመድ ግን አይደለችም። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት የጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ በእነዚህ ደጆች ያለፈ ተማሪ በስንክሳር የሚነበበውን የቅድስት እንባ መሪናን ታሪክ ያስታውሳል። እርሷም ከአባቷ ጋር በወንድ ልብስ ከወንዶች ገዳም የገባች፣ ባልሠራችው ኃጢአት ስትከሰስ ዝም ብላ የተሸከመች፣ ሴትነቷ የታወቀው ስታርፍ የሆነች ናት። አፈወርቅ ይህንን የቆየ የቅድስና መልክ ወደ ዓለማዊ ታሪክ ያመጡት ይመስላል፤ አንባቢው ባለታሪኳን ሳይቸገር የሚቀበላትም ስለዚህ ነው።

ከጦቢያ ሌላ ሁለት ያልተለመዱ ጀግኖች አሉ። አንዱ ነጋዴው ነው። ጦረኛ በሚከበርበት፣ ነጋዴ በሚናቅበት ዘመን የታሪኩን ትልቁን ደግነት የሚሠራው ባለ ጦሩ ሳይሆን ባለ ገንዘቡ ነው። እንደ አርብ ገበያ ስሟን ከሳምንታዊ ገበያዋ ያገኘች ከተማ ልጅ ይህን ሲያነብ ራሱን የሚያይበት ቦታ ያገኛል። ሁለተኛው ዋህድ ነው፤ ጀግንነቱ ውለታን አለመርሳት ነው። የባሕር ማዶ ልዕለ ጀግኖች ኃይላቸውን ከሌላ ፕላኔት ወይም ከተአምረኛ ማዕድን ያገኛሉ። በ«ጦቢያ» ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው ውለታ ነው፤ አንዱ የሠራው በጎ ሥራ ሌላውን ከቤቱ አውጥቶ ወደ አደጋ ይልከዋል። የመጽሐፉ ትልቁ ፈጠራ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድክመቱ። የጦቢያ ጉዞ የሚያበቃው ማንነቷ በተገለጠበት ቅጽበት ነው። ሱፐርማን ጭምብል ሳይኖረው፣ የ«ጀምበር»ም አማኑኤል ኃይሉን ካገኘ በኋላ፣ ሥራቸው ይቀጥላል፤ ጦቢያ ግን ሴት መሆኗ እንደታወቀ ሙሽራ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ የምትወስነው ነገር አይታይም። እንባ መሪናን ሞት አስቆማት፤ ጦቢያን ጋብቻ። ደራሲው ሌላ አብነት አጥተው አይመስለኝም። መጽሐፉ ከመታተሙ 12 ዓመት ቀደም ብሎ እቴጌ ጣይቱ በሴትነታቸው፣ በራሳቸው ስም ዘምተው፣ መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ ውኃ እንዲያዝ መክረው ነበር። ልብ ወለዱ ከታሪኩ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ሁለተኛው ጉድለት «አረማዊ» የተባለው ሕዝብ ነው። ንጉሡ ደግ ነው፤ ሕዝቡ ግን ስም የለው፣ ቋንቋ የለው፣ የራሱ ጀግና የለው። በአንድ ሰው ፍቅር ምክንያት እምነቱን በጅምላ ይለውጣል፤ ማንም አንድ ቃል አይጠየቅም። ሦስተኛው ደግሞ ባርነት ነው። የዋህድ መሸጥ አንጀት ይበላል፤ ይሁን እንጂ የምናዝነው የጨዋ ልጅ ስለተሸጠ ነው። አብረውት የተሸጡት፣ የሚፈልጋቸው አባትም እኅትም የሌላቸው፣ ከገጹ ላይ ይጠፋሉ። የጀግኖችን ዓይነት አሰፋን ስንል ልንመረምረው የሚገባው ይህንን ነው፤ አዲስ ፊት ማስገባት ቀላል ነው፣ ከባዱ ያ ሰው እስከ መጨረሻው የራሱን መንገድ እንዲሄድ መፍቀድ ነው።

በቋንቋው ግን መጽሐፉ ዛሬም ያስቀናል። ከጣና ዳር፣ ከዘጌ የተገኘው የአፈወርቅ አማርኛ ሐዘንን ሲያወርድና አገርን ሲስል ቃል አይቸግረውም። የአጋጣሚዎቹ መብዛት የዛሬውን አንባቢ ያሠለቻል፤ ሰው ከሰው የሚገናኝበት መንገድ ብዙ ጊዜ ምክንያት የለውም። የቃላቱ ሀብት ግን ይህን ድካም ይክሳል።

ስለዚህ «ጦቢያ» እንደ ቅርስ ተከብሮ መደርደሪያ ላይ መቅረት የለበትም። አጭር ልብ ወለድ የሚሞክሩ የጋይንትና የስማዳ ወጣቶች አንብበውት ደራሲው ከተዉት ቦታ ቢነሡ እወዳለሁ። ዛሬም ከእነዚህ ወረዳዎች ወንዶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፤ የወጣውን የሚፈልግ፣ ውለታ የሚቆጥር ቤተሰብ ከኋላቸው አለ። በዚያ መንገድ ላይ ወንድሟን ፍለጋ የምትወርድ ልጅ ያለ ወንድ ልብስ፣ በስሟ ተጠርታ፣ ከተገኘም በኋላ የራሷን ሥራ ይዛ የምትቀጥልበት ታሪክ አልተጻፈም ብዬ አምናለሁ። አፈወርቅ በሩን ከፍተዋል፤ እስከ መጨረሻው ገፍቶ መግባት የዛሬ ጸሐፊዎች ዕዳ ነው።