የአባት ስእለት፣ የልጅ ዕዳ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የአሮጌውንና የአዲሱን ትውልድ ግጭት ያልነካ ደራሲ ጥቂት ነው። ይሁንና ግጭቱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በችሎት ፊት እንደ ቆሙ ባላጋራዎች ክርክር ሆኖ ነው። አባት ከሳሽ ሲሆን ልጅ ባለጌ ይባላል፤ ልጅ ከሳሽ ሲሆን አባት አድኃሪ ይባላል። ለደረሰው ጥፋት ኃላፊው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ችሎቱ ይበተናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ አንጻር እንደገና ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው።

ይህ ልብ ወለድ በውጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ አማካይነት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሳይቀር ደርሷል። በብዙዎች ልብ የቀረው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ የተለመደው ትርጓሜም ጨካኝ አባቶች ምስኪን ልጆችን እንዴት እንዳጠፉ የሚናገር ነው። ትርጓሜው ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። የድርሰቱ ፍሬ ነገር የዕድሜ ልዩነት ሳይሆን፣ አንዱ የገባውን ዕዳ ሌላው የሚከፍልበት ሥርዓት ነው።

በዛብህን ወላጆቹ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተሳሉበት። ስእለቱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አይካድም፤ ተሳዮቹ ወላጆች ናቸው፣ ከፋዩ ግን ልጅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲያማርጡ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ አለፈ። ክብሩ የአባት፣ ኪሳራው የልጅ ሆነ። እኚሁ ባላባት ከተለመደው ግብር በላይ ከገበሬው በጠየቁ ጊዜ ደግሞ የቤቱ ሥርዓት ወደ አውድማው ወጣ። የአዳራሹ ማዕረግ ወጪ ከገባሩ ጎተራ የሚሸፈን ነበርና። ደራሲው ጋብቻን፣ ሃይማኖታዊ ቃል ኪዳንንና የኢኮኖሚ ብዝበዛን በአንድ ክር መስፋቱ የሥራው ታላቅነት ነው።

ኃላፊነትን በተመለከተ ሁለት ገጸ ባሕርያት ይነጻጸራሉ። ከባላባቱ ወገን የተወለደው ጉዱ ካሣ የሥርዓቱን ብልሹነት ከሁሉ በፊት ያያል፤ ይናገራልም። ነገር ግን ብቻውን ነው፤ ቃሉ እንደ እብድ ቃል ተቆጥሮ ነፋስ ይወስደዋል። አበጀ በለው በአንጻሩ ገበሬውን አስተባብሮ ይመራል። የካሣ ዕውቀት የአበጀን ክንድ ሳያገኝ፣ የአበጀም ክንድ የካሣን ዕውቀት ሳይጨብጥ መቅረቱ የመጽሐፉ ጥልቅ ሐዘን ነው፤ ከፍቅረኞቹ መቃብር ይልቅ ሊለቀስለት የሚገባው ይህ መለያየት ነው።

እዚህ ላይ የድርሰቱ ድክመትም ይታያል። ገበሬው ባላባቱን ከማረከ በኋላ ትረካው ወደ ፍቅረኞቹ ዕጣ ያዘነብላል። በማግሥቱ ጎተራው በማን እጅ ይሁን፣ ማን ይዳኝ፣ ማን ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ጥያቄውን ያነሣው የአንባቢው ትውልድ ነው። መጽሐፉ ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንም በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ካሣና አበጀ የተገናኙ መሰለ። ሆኖም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ያው ትውልድ እርስ በርሱ ተጨራረሰ፤ የልጆቹን ሬሳ ያነሡት አባቶችና እናቶች ነበሩ። የአባቶቹን ስእለት ያወገዘው ትውልድ በራሱ ልጆች ስም ሌላ ስእለት መሳሉን ያወቀው ዘግይቶ ነው።

የዛሬው ስእለት ደግሞ በውል ሰነድ ይጻፋል። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የ1 ቢሊዮን ዶላር የ10 ዓመት ቦንድ ለውጭ ገበያ ሸጠች፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ቦንዱ ሲሸጥ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ወለዱ ሲቋረጥ አሥረኛ ክፍል ገደማ ደርሷል። መበደር በራሱ ነውር አይደለም፤ መንገድና ኃይል ማመንጫ ለልጅም ይተርፋሉ። ነውሩ ከፋዩ ሳይሰማ፣ ሒሳቡ ሳይገለጥለት በስሙ መሳል ነው።

ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያስተምር መምህር «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ማን ቃል ገባ? ማንስ ከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ካድሬው ለሕዝብ ተስፋ ሲሰጥ፣ የቴአትር ሰው የአባትና የልጅን ጠብ ወደ መድረክ ሲያወጣ ይህንኑ መመዘኛ ቢይዙ መልካም ነው። ትውልድ በአባቱ ላይ በሚያቀርበው ክስ ብቻ አይመዘንም፤ በልጁ ስም በሚፈርመው ውልም ይመዘናል።