ከውስጥ የሚፈተሽ ኮፍያ

ለስላሳ ሻሽ ፀጉር በሌለበት ራስ ላይ አይረጋም። ሲያስሩት ያማረው ቆይቶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ነጠላውንም ይዞት ይወርዳል። ከሥሩ ስስ የጥጥ ቆብ ሲደረግ ግን ጨርቁ የሚይዘው ያገኛል። በኬሞቴራፒ ፀጉራቸው ለረገፈ ሴቶች ከሚሠራው ሁሉ በጣም የሚጠቅመው አንዳንዴ ማንም የማያየው ነው።

መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል፤ ካንሰሩን የሚያዳክመው ይኸው ጠባዩ የፀጉርንም ሥር አይምርም። ሁሉም የኬሞ መድኃኒት ፀጉር አያረግፍም፤ ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሴል ግን በዚህ ይታወቃሉ። መርገፉ ብዙውን ጊዜ ሕክምናው በተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመጣል። በዚያ ሰሞን የራስ ቆዳ ይቆጣል፤ ትራስ ሲነካቸው እንኳ የሚያማቸው አሉ።

የኮፍያ ሠሪዋ ሙያ የሚፈተነው በዚህ ቆዳ ላይ ነው። ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከውስጥ ቋጠሮ ያለበት ኮፍያ ሳይለበስ ይቀራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ክር ስትቀጥል አትቋጥርም፤ ጫፉን በወፍራም መርፌ ሥራው ውስጥ እያሾለከች ትደብቀዋለች። ሁለት ጎን ሠርቶ ከመስፋት ይልቅም ዙሪያውን እየዞረች ትሠራዋለች፤ ያኔ የሚቆረቁር ስፌት አይኖርም። ስትጨርስ ገልብጣ አንገቷን ወይም የክንዷን ውስጠኛ ክፍል ታሻሽበታለች። ጣቷን አታምነውም፤ በሥራ ደንድኗልና።

ሱፍ ይሞቃል፣ ግን ይኮሰኩሳል። ጥጥ ለቆዳ ይመቻል፣ ላብም ይመጥጣል፤ ይሁንና ከባድ ነው፣ ሲለብሱት እየሰፋ ይሄዳል። ለስላሳ አክሪሊክ በቀላሉ ይታጠባል፣ በሙቀት ግን ያልባል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ ሥራ ኮፍያ ለታማሚዎች የሚያድለው ኖትስ ኦፍ ላቭ የተባለ ድርጅት ለበጎ ፈቃደኞቹ የተፈቀዱ ክሮች ዝርዝር አዘጋጅቷል።

ዳንቴል የለመደ እጅ ክፍት ጥለት ይቀናዋል። እዚህ ግን ክፍቱ ቆዳውን ያሳያል፣ ብርድም ያስገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ከቆላ ተነሥታ ለሕክምና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የመጣች ታካሚ የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ያለፀጉሯ ነው የምታሳልፈው። ጆሮዋንና ማጅራቷን የማይሸፍን ኮፍያ ለእሷ ጎዶሎ ነው።

ልኩም ይለወጣል። ፀጉር ሳይረግፍ የተለካ ኮፍያ ኋላ ሰፍቶ ዓይን ላይ ይወርዳል። ማጥበቅም አያዋጣም፤ ግንባር ላይ ሰንበር ይተዋል። ጠርዙ እንደ ሹራብ እጅጌ ጫፍ ተለጥጦ የሚመለስ ሆኖ ቢሠራ ይሻላል።

ቀለሙን የምትለብሰውን መጠየቅ ነው። ለታማሚ ተብሎ ሁልጊዜ ፈዛዛ የሚመረጥበት ምክንያት የለም፤ ደማቅ አረንጓዴ የምትወድ ሴት ስለታመመች አልጠላችውም።

ኬሞ ሽታን ስለሚያስጠላ ኮፍያው ከመሰጠቱ በፊት ሽቶ በሌለው ሳሙና ይታጠባል። ሲቻል ሁለት ይሠራል፦ ስሱ ለመኝታ፣ ወፈር ያለው ለቀን።