ስለ ጠመንጃ ምዝገባ የሚነሣው ክርክር

ሰዎች ስለ ጠመንጃ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ብረቱ ነው። ስለ ብረቱ ግን የሚያከራክር ነገር የለም፤ ብረት ራሱን አያነሣም፣ ራሱን አያነጣጥርም። የሚያከራክረው ብረቱን የያዘው ሰውና ያንን ሰው በመዝገብ የሚጽፈው ሹም ነው። መንግሥት በግል እጅ የሚገኘውን ጠመንጃ ሁሉ ይመዝግብ ወይስ አይመዝግብ የሚለው ጥያቄ በብዙ አገር ምክር ቤቶችን ከሁለት ከፍሏል። ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ከሁለቱ ወገን አንዱን ይዛችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ሁለቱም የሚያቀርቡትን ምክንያት በሚዛን ብታዩት ይጠቅማችኋል።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው። ይኸውም፣ «ይህ ሰው ዕድሜው የደረሰ፣ አእምሮው የተረጋጋ፣ በወንጀል ያልተፈረደበት ስለ ሆነ መሣሪያ ሊይዝ ይችላል» ማለት ነው። ምዝገባ ግን የሚደረገው ለዕቃው ነው፤ «ይህ ቁጥር ያለበት ጠመንጃ የእገሌ ነው» ማለት ነው። ለሰው ፈቃድ እየሰጠ ዕቃውን የማይመዘግብ አገር አለ። ሁለቱን አደባልቀው የሚናገሩ ሰዎች ክርክሩን ገና ሳይጀመር ያበላሹታል።

በዚህ ነገር ብዙ ትምህርት የሚሰጠው የካናዳ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1989 አንድ ሰው በሞንትሪያል ከተማ ወደሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ወደሚባለው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ገብቶ 14 ሴቶችን ገደለ። ጠመንጃውን የገዛው በሕጋዊ መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ የሟቾቹ ቤተ ሰቦችና ከሞት የተረፉት ተማሪዎች ሕጉ እንዲጠብቅ ዓመታት ሙሉ ተሟገቱ። በ1995ም አዲስ የጦር መሣሪያ ሕግ ወጣ። ሽጉጥ በካናዳ ከ1934 ጀምሮ ይመዘገብ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን የአዳኙንና የገበሬውን ረጅም ጠመንጃ ጭምር እስከ 2003 መግቢያ ድረስ እንዲመዘገብ አዘዘ።

መንግሥቱ ይህን ሕግ ሲያቀርብ፣ ባለ ጠመንጃው ከሚከፍለው ገንዘብ ጋራ ሲቻቻል የሕዝቡ ወጪ 2 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ብቻ ነው ብሎ ነበር። በ2002 ግን ዋና ኦዲተሯ ሺላ ፍሬዘር ወጪው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ፣ ምክር ቤቱም ይህን በጊዜው እንዳልተነገረው ገለጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የገጠሩ ሰው፣ «ዳክዬ የማድንበትን ጠመንጃ አስመዝግብ ብላችሁ እንደ ወንጀለኛ ቈጠራችሁኝ» እያለ ሲቈጣ ቈይቶ ነበርና ቍጣው በምርጫ ጊዜ ድምፅ ሆነ። በ2012 የጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር መንግሥት የረጅም ጠመንጃ ምዝገባውን አስቀረ፤ የተጻፈውም መዝገብ እንዲደመሰስ አዘዘ። የኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ «የእኛን ድርሻ አትደምስሱብን» ብላ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች፤ በ2015 ግን በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ተሸነፈች። ኋላም በ2018 የራስዋን መዝገብ ከፈተች።

እንግዲህ የምዝገባ ተቃዋሚዎች ይህን ታሪክ ይዘው፣ «አያችሁ! መዝገብ ከንቱ ነው» ይላሉ። ታሪኩ ግን የሚለው ይህን አይደለም። መዝገቡን የጣለው ያደረሰው ጉዳት ሳይሆን፣ ሲከፈት እውነተኛው ዋጋው ለሕዝብ አለመነገሩና ሰላማዊው ሰው እንደ ተጠርጣሪ መታየቱ ነው። ሕግ እውነት ሳይነገርበት ሲወጣ፣ ደግ ሕግ እንኳ ቢሆን፣ ሕዝቡ እንደ ማታለያ ይቈጥረዋል።

አሁን ደግሞ የደጋፊዎቹን ምክንያት እንመልከት። ከእነርሱ ብዙዎቹ፣ «ጠመንጃ ሁሉ ቢመዘገብ ግድያ ይቀራል» ይላሉ። ይህ ከመጠን ያለፈ ተስፋ ነው። የሞንትሪያሉ ገዳይ መሣሪያውን በሕግ የገዛ ነበርና መዝገብ ቢኖር ኖሮ ስሙ በመዝገቡ ላይ በደንብ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ልቡን ግን የሚያነብ መዝገብ የለም። በኤፕሪል 2020 በኖቫ ስኮሺያ 22 ሰዎችን የገደለው ሰውዬ ደግሞ ከነጭራሹ ፈቃድ አልነበረውም፤ ከመሣሪያዎቹም አብዛኞቹ ከአሜሪካ በኮንትሮባንድ የገቡ ነበሩ። ከዚህም ሌላ በካናዳ በጠመንጃ ከሚሞተው ሰው የሚበዛው ራሱን የሚያጠፋ ነው። ሰው በሐዘን ወይም በተስፋ መቍረጥ ወደ ራሱ ጠመንጃ ሲሄድ የመዝገብ ቍጥር አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው የተቈለፈ ሣጥንና የነቃ ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ መዝገብን እንደ ጋሻ አድርጎ ለሕዝብ የሚሸጥ ፖለቲከኛ ሕዝቡን ያታልላል።

ተቃዋሚዎቹስ? የመጀመሪያው ምክንያታቸው፣ «ወንጀለኛ አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ደጉ ሰው ብቻ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሽፍታ ጠመንጃ አይወልድም። በእጁ ያለው መሣሪያ አንድ ቀን በሕግ ከተያዘ እጅ የወጣ ነው፤ ወይ ተሸጦለታል፣ ወይ ሰርቆታል፣ ወይም ከሠራዊት ግምጃ ቤት ሾልኮ ደርሶታል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በአገራችን ምን ያህል ክላሽ በየገበያው እንደ ተበተነ የዚያ ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። መዝገብ ሽፍታውን አያስፈራው ይሆናል፤ ነገር ግን ገዢውን ሳያውቅ በጨለማ የሚሸጠውን «ደግ ሰው» ይጠይቀዋል። «ጠመንጃህ የት ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስጨንቀው ሰው ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው፣ «ምዝገባ የመንጠቅ መጀመሪያ ነው» የሚል ነው። ለዚህ የኒው ዚላንድ ነገር መልስ ይሰጣል። ያች አገር እ.ኤ.አ. በ1983 የረጅም ጠመንጃን ምዝገባ ትታ ለሰው ፈቃድ መስጠትን ብቻ ያዘች። በማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ተገደሉ፤ ገዳዩ ፈቃድ ነበረው። መንግሥቱም በዚያው ዓመት ራሳቸው የሚጎርሱትን አብዛኞቹን ጠመንጃዎች ከልክሎ ከ50 ሺሕ በላይ መሣሪያ ከሕዝብ በገንዘብ ሰበሰበ። ምን ያህል እንደ ቀረ ግን በእርግጥ ሊያውቅ አልቻለም፤ መዝገብ አልነበረውምና። አዲስ መዝገብ የተከፈተው በጁን 2023 ነው። እንግዲህ መንግሥት ሊሰበስብ ከቈረጠ መዝገብ ባይኖርም ይሰበስባል፤ በካናዳ ደግሞ መዝገብ ኖሮ የአዳኞቹ ጠመንጃ በየቤታቸው ቈይቷል። መዝገብና ነጠቃ አንዱ የሌላው ልጅ አይደሉም።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ፍርሃቱን እንደ ሞኝነት አድርጌ ላልፈው አልፈልግም፤ በተለይ የእኛን አገር ሰው ፍርሃት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእኛ ሰው ደግሞ እባቡን ራሱን አይቶታል። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘ ጊዜ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ያዝዝ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በተሰጣቸው የምሕረት ቃል አምነው ፍቼ ላይ እጃቸውን ቢሰጡ ተገደሉ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ አድርጎ መሣሪያና «ፀረ አብዮተኛ» ሲፈልግ ብዙ ሰው ታሰረ፣ ብዙ ሰውም ሞተ። በዚህ ያለፈ ሰው ልጁን፣ «ያለህን ለማንም አትንገር» ብሎ ቢያሳድገው ምን ይደንቃል? ከዚህም ጋራ ጠመንጃ በገጠራችን የክብር ዕቃ ነው። በሠርግና በለቅሶ ይተኰስበታል፤ የአባት ምንሽር ወይም ውጅግራ ለልጅ እንደ ርስት ይተላለፋል። ይህን ዕቃ በመዝገብ መጻፍ ለጸሓፊው ቍጥር መጻፍ ሊመስለው ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን የአባቱን ስም ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶ ፈቃድ የሚሰጥበትንና ቁጥጥር የሚደረግበትን ሥርዓት ደነገገ። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲገፋና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ አስመዝግበው በየሰፈራቸው ለመከላከል እንዲዘጋጁ ጥሪ አደረገ። የአደጋው ጊዜ ምክንያት ይገባኛል። ሆኖም የምዝገባ ነገር በእንዲህ ያለ ቀን ሲነሣ ጥሩ አያስተምርም። በድንጋጤ ቀን የተከፈተ መዝገብ ለምን እንደ ተከፈተ ማንም አያምነውም፤ አንዱ «ሊያዘምቱኝ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሊነጥቁኝ ነው» ይላል። መዝገብ የሰላም ወራት ሥራ ነው። እንደ መሬት ልኬት ሁሉ በዝግታ፣ በምስክርና በጠራራ ፀሐይ ሊሠራ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። በአንድ ወረዳ ሕግ አክባሪው ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ቢያስመዘግብ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ባላጋራው ግን ባይመዘገብ፣ መዝገቡ የሚያውቀው የደጉን ሰው ደጃፍ ብቻ ነው። ያ ገበሬ በሌሊት ቢጠቃና የመዘገበው መንግሥት ባይደርስለት፣ የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ማክበር ራሱ በአገሩ ሰው ሁሉ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። «አስመዝግብ» የሚል መንግሥት፣ በዚያው ቃል፣ «እኔ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ዋስ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ምዝገባ ያስፈልጋል፤ መዝጋቢው ግን አስቀድሞ ራሱ በሕግ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ለባለ ጠመንጃው የማይካድ ደረሰኝ ይሰጠው። መዝገቡ ለምን ሥራ እንደሚውልና ማን ሊያየው እንደሚችል በግልጥ ይደንገግ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያ የወሰደ ሹም፣ ወይም ስም ለባላጋራ ያሳየ ጸሓፊ፣ ጠመንጃ ደብቆ እንደ ተገኘ ሰው ይቀጣ። ወጪውም ሳይሸፋፈን ለሕዝብ ይነገር። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፣ «አልመዘገብም» የሚል ሰው ምክንያቱ ፍርሃት መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባል።

እናንተም ወጣቶች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ ወይ የጠመንጃ ወራሽ ወይ የመዝገብ ጸሓፊ ትሆናላችሁ። ወራሽ የሆነው፣ በእጁ ያለው ዕቃ የሰው ነፍስ የሚጠየቅበት መሆኑን አይርሳ። ጸሓፊ የሆነውም፣ አንድ ሽማግሌ ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ በጠረጴዛው ላይ ሲያኖርለት የሚቀበለው ብረት ብቻ አለመሆኑን ይወቅ። ሽማግሌው እየሰጠው ያለው እምነቱን ነው፤ እምነት ደግሞ አንድ ጊዜ ከጠፋ በሌላ መዝገብ አይተካም።