ጠላ የሌለበት ደቦ

ኤሪክ ሬይመንድ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራም ጸሐፊ «ካቴድራሉና ባዛሩ» የተሰኘ መጣጥፉን መጀመሪያ ለሰው ያነበበው በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ቁጠሩልኝ) ጀርመን አገር ቩርትስቡርግ ላይ በተደረገ የሊኑክስ ጉባኤ ነው። በ1999 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። የኮምፒውተር ሰዎች እንደ ዳዊት የሚደግሙት ጽሑፍ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ እንጂ ኮምፒውተር አይደለም፤ ስለዚህ ያነበብኩት ዘይቤውን እየመዘንኩ ነው። ጽሑፉ ግሩም ነው፤ ዘይቤው ግን አታላይ ነው።

ፕሮግራም የሚጻፍበት ኮድ ለማንም ተገልጦ፣ የፈለገ ሲያነበው፣ ሲያርመውና ሲያባዛው «ክፍት ምንጭ» ይባላል። ሬይመንድ ሁለት አሠራሮችን ያነጻጽራል። ካቴድራል የሚለው ጥቂት ሊቃውንት በር ዘግተው የሚያንጹትን ነው። ባዛር የሚለው ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እንደ ጀመረው ሊኑክስ፣ መንገደኛው ሁሉ የአቅሙን የሚያዋጣበትን ነው። አንባቢው ከበዛ ግድፈቱ ቶሎ ይገኛል ነው ክርክሩ።

እሺ፣ ባዛር ምንድነው? መርካቶን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻኝም። ገበያ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ቦታ ነው። ጎመን ሻጯ ጎመኗን ለአላፊ አግዳሚው አትበትንም። ሬይመንድ የሚተርክልን ግን ከሥራ መልስ፣ እንቅልፋቸውን ሠውተው፣ ያለ ክፍያ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። በቀጣዩ መጣጥፉ ነገሩን «የስጦታ ባህል» ይለዋል፤ የሰጪው ዋጋም ዝና መሆኑን ይነግረናል። ዝና የቤት ኪራይ ሲከፍል አላየሁም እንጂ ጥሩ ነበር።

የእኛ ገበሬ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቃል አለው፤ ያውም ከአንድ በላይ። ወንፈል አለ፦ ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ ካረምኩ ነገ አንተ የኔን ታርማለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ አለ፦ ባለማሳው ይጠራል፣ አገር ወጥቶ ያጭድለታል፤ ባለማሳው ግን ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ መጠበቅ አለበት። ጠላ ሳይጠምቅ ደቦ የጠራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ብቻውን ነው የሚያጭደው። ሬይመንድ ባዛር ከማለት ደቦ ቢል ኖሮ «ጠማቂው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ይነሳ ነበር።

ጥያቄውን ያደበዘዘ ሌላም ቃል አለ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ንቅናቄውን ሲጀምር ያለው «ነጻ ሶፍትዌር» ነበር። ነጻነትን ማለቱ እንጂ ዋጋ የለውም ማለቱ አልነበረም። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ይላል፤ የኛም ያው ነው፤ «ነጻ ሰው» እንላለን፣ «በነጻ ወሰደው» እንላለን። በ1998 መጀመሪያ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ፣ የሬይመንድ መጣጥፍም ገፋፍቶት፣ የአሳሹን ኮድ እንደሚከፍት አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ፓሎ አልቶ፣ ካሊፎርኒያ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች «ነጻ» የሚለው ቃል ነጋዴውን ያስበረግጋል ብለው «ክፍት ምንጭ»ን መረጡ። ስቶልማን አልተቀበለውም። ሰውየው ክርር ያለ ነው ይባላል፤ ይሁን፤ እኔ በዚህ ነገር ከእሱ ጋር ነኝ። ነጻ የሰው ቅጽል ነው። ክፍት የበር ቅጽል ነው፤ በተከፈተ በር ደግሞ ማንም ዘው ይላል።

ዘው አሉም። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በኢንተርኔት የምንልከውን የይለፍ ቃልና የባንክ ምስጢር ከሌባ ዓይን ከሚሸፍኑት አንዱ ነው። በኤፕሪል 2014 «ኸርትብሊድ» የተሰኘ ቀዳዳ ተገኘበት። ቀዳዳው ሁለት ዓመት ያህል ተዘርግቶ ሲኖር ያ ሁሉ አንባቢ የት ነበር? ሁሉም ሌላው አንብቦታል ብሎ ተኝቷል። ከዚያ ጉዱ ወጣ፦ የዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች ንብረታቸውን ያስጠበቁበትን ይህን ፕሮግራም ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ ኖሯል፤ በዓመት የሚገባለትም መዋጮ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ድንጋጤው ሳይበርድ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና ሌሎችም እያንዳንዳቸው በየዓመቱ 100,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ሊያዋጡ ቃል ገቡ። ለካስ ጌሾውም ብቅሉም እቤት ነበረ!

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። የክፍት ምንጭ ሰዎች አርማ ቢያደርጉት በወደድኩ፤ እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። ኤክስ ዜድ የተባለውን ፋይል መጭመቂያ ለዓመታት የተሸከመው አንድ ሰው ነበር። በ2022 «ዘገየህ» እያሉ የሚነዘንዙ መልእክቶች መጡበት፤ ሳይከፈለው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው መሆኑን አስታወሳቸው። «ጂያ ታን» በሚል ስም ረዳት መስሎ የቀረበ አካል፣ ከሁለት ዓመት በላይ አገልግሎ ከታመነ በኋላ፣ በ2024 ፕሮግራሙ ውስጥ የሌባ በር ከፈተ። ይህን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት ከንክኖት። ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት ተቀጣሪ መሆኑንም ልብ በሉልኝ።

ይህን የምለው ኩባንያን ሁሉ ዘራፊ፣ በጎ ፈቃደኛን ሁሉ ጻድቅ የማድረግ አመል ስላለብን ነው። ዛሬ የሊኑክስን አስኳል አብዛኛውን የሚጽፉት ደመወዝተኞች ናቸው። ነገር ግን ኩባንያው የሚከፍለው የራሱ ጤፍ ለበቀለበት ማሳ ነው፤ ሁሉም ለሚቀዳበት ምንጭ አጥር የሚያጥር አይገኝም።

በጎ ፈቃደኛው ያለው ትልቅ መብት መገንጠል ነው። ኮዱን ይዞ፣ ስሙን ለባለቤቱ ትቶ ይወጣል (ፈቃዱ አንቀጽ 39 አለው ማለት ነው)። ኦራክል በ2010 ሰን የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ ኦፕን ኦፊስም አብሮ ገባለት። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሠሪዎቹ ሊብሬ ኦፊስን አቋቁመው ወጡ፤ ኦራክል ከጊዜ በኋላ ኦፕን ኦፊስን ለአፓቺ ድርጅት ሰጥቶ ተገላገለ። ይህ የሚያምር ታሪክ ነው። የሬዲስ ግን ያስቃል። የሬዲስ ኩባንያ ትልልቆቹ ባለደመናዎች በነጻ በሉን ብሎ በማርች 2024 ፈቃዱን አጠበቀ። ወዲያው ቫልኪ የተባለ ተገንጣይ ተወለደ፤ ደጋፊዎቹ እነማን ሆኑ? አማዞንና ጉግል! በሉኝ የተባሉት ዋስ ጠበቃ ሆነው ብቅ አሉ። በ2025 ሬዲስ ክፍት ፈቃድ መልሶ ጨመረ። በዚህ መካከል ኮዱን በበጎ ፈቃድ ሲያቃና የኖረውን ሰው ማን አማከረው?

ነገሩ የፈረንጅ ጠብ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ የሚሸጡልን ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የሰይጣን ድግምት ይመስል ነበር። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ «አቢሲኒካ»ን የመሰለ ቅርጸ ፊደል በክፍት ፈቃድ እናገኛለን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእሱ ነው፤ አምስት ሳንቲም አላወጣሁበትም።

የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የጸሐፊውም የአጻፊውም ስም አብሮ ይገኛል፤ አንባቢው ለሁለቱም እንዲጸልይ ይለመናል። አጻፊው ብራናውንና ቀለቡን ስለቻለ ስሙ አላሳፈረውም። ስልካችሁን አውጡና «ቅንብር» ውስጥ ግቡ፤ «ስለ ስልኩ» በሚለው በኩል ቁልቁል ስትሄዱ የክፍት ምንጭ ፈቃዶች የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ፈቃዱ ስለሚያስገድድ ብቻ በደቂቅ ፊደል የሠፈረ የባለ ኮዶች ስም ዝርዝር ነው። እኔ አንድ ምሽት ልጨርሰው ብዬ ጀምሬ፣ ገና ሩቡ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።