ስለ ስንዴ መነሻ የተነገረው ሐሳብና የአበባው ዱቄት

ኢትዮጵያ የስንዴ መነሻ አገር ናት የሚለው አነጋገር ከአንድ ሊቅ ብርቱ ድካም የመጣ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ወደ አገራችን መጥቶ ከገበሬው ማሳ ብዙ ዘር ሰበሰበ፤ በ1931ም ስለ ሐበሻ ስንዴዎች የጻፈውን አሳተመ። ጺም የሌለውንና ፍሬው ሐምራዊ የሆነውን ስንዴ ጭምር እዚህ ስላገኘ፣ ባለ 28 ክሮሞሶም የሆነው ስንዴ የዓይነቱ ብዛት በዚህ ምድር ይገኛል አለ፤ ዓይነት የበዛበት ስፍራም መነሻው ነው የሚል መሠረት ነበረው።

ቈጠራውን አንነቅፍም። (የእንዲህ ያለውን ሰው ስሕተት ተቀምጦ መፈለግ ቀላል ነው፤ በበቅሎ እየተጓዙ ዛላ መልቀም ግን ቀላል አልነበረም።) የምንነቅፈው ከብዛት ወደ መነሻ የተሻገረበትን ድልድይ ነው። የዚሁ ስንዴ የዱር ወላጅ በ1906 በአሮን አሮንሶን እጅ በገሊላ ተገኝቷል፤ በእኛ አገር ግን የዱር ስንዴ የለም። ስለዚህ ስንዴ ለኢትዮጵያ እንግዳ ሆኖ የገባ እህል መሆኑን ዛሬ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ይህን ብቻ ለማለት ቢሆን ኖሮ ጽሑፋችን ባላስፈለገም ነበር። እንግዳው እንደ ምን ይህን ያህል ዓይነት አፈራ? የሚለው ጥያቄ ግን ይቀራል፤ መልሱንም ቫቪሎቭ ከመዘገበው ከዛላው መልክ ይልቅ በአበባው ውስጥ መፈለግ ይገባል እንላለን።

በእያንዳንዱ የስንዴ አበባ ውስጥ ሦስት የወንዴ ከረጢቶችና አንድ የሴቴ አካል አብረው ተሸፍነው ይኖራሉ። ከረጢቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አበባው ሳይከፈት ወይም ሊከፈት ሲል ይፈነዳሉና ዱቄታቸው እዚያው ይወድቃል፤ የውጭ ዱቄት የሚገባው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ የገባ እንደ ሆነ ግን ከአባትና ከእናት ተለያይቶ የተወረሰው ጂን በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ድቅሉን አንደኛ ብለን ብንቈጥር፣ በስድስተኛው ትውልድ ሳይረጋ የሚቀረው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከአንድ ድቅልም መልካቸው የጸና ብዙ ዘሮች ይወጣሉ ማለት ነው። ገበሬው ቅይጥ ዘር በአንድ ማሳ ሲዘራና ከምርቱ ለከርሞ ዘር ሲያስቀር፣ እንግዳ እህልም ቢሆን በጊዜ ብዛት የቫቪሎቭን ጆንያ ሊሞላ ይችላል።

ታዲያ ለውጭ ዱቄት በሩን የሚከፍተው ምንድን ነው? የወንዴው መድከም ነው። በ1972 በቻይና፣ ታይጉ በተባለ ስፍራ፣ በአንድ ገዥ ጂን ምክንያት ዱቄት የማያፈራ ስንዴ ተገኘ፤ ጂኑም በ2017 ተለይቶ ታወቀ። እንዲህ ያለው አበባ የራሱ ዱቄት ስለሌለው አፉን ከፍቶ የጎረቤቱን ይጠብቃል። የድቅል ስንዴ ዘር ለመሸጥ የሚደክሙ ሰዎች ይህን መካንነት እንደ መሣሪያ ብቻ ያዩታል፤ ገበሬውም ከምርቱ ዘር ማስቀረቱ ትርፍ እንዳይሰጠው ያደርጋሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ጂኑ በታይጉ የሚሠራውን ሥራ ብርድም መሥራት መቻሉ ነው። ዛላው ገና በቅጠሉ ሰገባ ውስጥ ሳለ፣ የዱቄቱ እናት ሴሎች በሚከፈሉበትና ከዚያም ቀጥሎ ባለው ጊዜ ብርድ ቢመታው፣ የሴቴው አካል ደኅና ሆኖ ሳለ ዱቄቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ አናት፣ ከጀርባውም ወደ ሱሉልታ ሲወርዱ፣ ውርጭ የታወቀ ነው። ገበሬው ባዶውን ዛላ አይቶ «ውርጭ መታው» ይላል። በዚያው ዛላ ላይ የተረፉት ጥቂት ፍሬዎች የማን ልጆች እንደ ሆኑ ግን መጠየቅ ይገባል። የደጋው ብርድ የዓይነቱን ብዛት አግዞ ይሆናል የሚለው ግምታችን ነው፤ ይሁን እንጂ ሊፈተን የሚችል ግምት ነው።

ፈተናውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በ1976 የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው፣ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የአገር ስንዴ ዘር በቅዝቃዜ ያኖራል። ነጭና ሐምራዊ ፍሬ ያለውን ስንዴ ጎን ለጎን፣ አንዱን መደብ ከእንጦጦ አናት፣ ሌላውን ከታች ከየካ ሜዳ መዝራት ነው። ሐምራዊው ቀለም የሚገኘው ከእናቲቱ በሆነው የፍሬው ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ በነጩ ዛላ ላይ የተፀነሰው ድቅል በዚያው ዓመት ነጭ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የነጩን ምርት በከርሞው እንደገና ዘርቶ፣ ሐምራዊ ፍሬ ያፈሩትን አገዳዎች በሁለቱም መደብ መቍጠር ያስፈልጋል።