እባካችሁ፣ ሰውየው ቁርሱን ይብላ!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አሜሪካ የሚኖር አብሮ አደጌ ደወለልኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳል። ስንደዋወል ወሬያችን ሁሌም አንድ ነው፤ እሱ ስለ ናፍቆት ያወራል፣ እኔ ስለ ኑሮ ውድነት። የዚያን ዕለት ግን ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ፣

«ማንን እንዳየሁ ብነግርህ አታምነኝም!» አለ።

«ማንን?»

ነገረኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደማልጽፈው ወደ መጨረሻው ይገባችኋል። ብቻ ልጅ ሆነን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ ሃምሳ ሳንቲማችንን ከፍለን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ የጮኽንለት ሬስለር ነው። («ታጋይ» ልል አስቤ ነበር። እኛ አገር «ታጋይ» ሲባል ሌላ ነገር ስለሚታሰብ ይቅርብኝ።)

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለኝ። «ኤርፖርቱ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ቡና ልጠጣ ገባሁ። ጥግ ላይ ግድግዳ የሚያህል ሰው ብቻውን እንቁላል ይበላል። ልቤ ቀጥ አለች። ስልኬን አውጥቼ ልነሳ ስል ሁለት ልጆች ቀደሙኝ። አንደኛው ጀርባውን ቸብ አደረገው። ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ፣ አፉ ውስጥ ያለውን እንደምንም ዋጠ፣ ተነሳ፣ ያንን በቴሌቪዥን የምናውቀውን ቁጡ ፊት አበጀና ፎቶ ተነሳላቸው። ልጆቹ ‘ቴንኪው’ እንኳን በቅጡ ሳይሉ እየሮጡ ወጡ። ሲቀመጥ ፊቱ ወደቀ። እንቁላሉም ቀዝቅዟል።»

«እሺ፣ አንተስ ፎቶውን ተነሳህ?»

«አልተነሳሁም።»

«ለምን?»

«ሲያኝክ አየሁታ!»

በጣም ሳቅኩበት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። እውነት፣ ያ ሰው በዚያች ሰዓት የማን ነው? የራሱ ወይስ የአድናቂዎቹ?

የሬስሊንግ ሥራ ከሩቅ ሲታይ መብራት፣ ሙዚቃና ጭብጨባ ነው። ከቅርብ ሲያዩት ግን አብዛኛው መንገድ ነው። ዛሬ አንድ ከተማ፣ ነገ ሌላ። ትልቁ ድርጅት የሚባለው ደብሊው ደብሊው ኢ እንኳን ሬስለሮቹን እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር ነው የሚያሠራቸው። ስለዚህ ከጥቂት ታላላቆቹ በቀር አብዛኞቹ መኪናውን ራሳቸው ተከራይተው፣ ራሳቸው ነድተው፣ ሆቴላቸውን ከኪሳቸው ከፍለው ነው የኖሩት። አፈሙዝ የመሰለ ክንድ ያለው ሰውዬ በእኩለ ሌሊት ነዳጅ ማደያ ቆሞ ቤንዚን ሲቀዳ ብታዩት እንዳይገርማችሁ። እናም የእሱ «የግል ጊዜ» የሚባለው ግቢ ውስጥ በር ተዘግቶ የሚያልፍ አይደለም። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጠብቅ፣ መኪና አከራዩ ጋ ሲሰለፍ፣ ጂም ውስጥ ሲያልበው፣ ጠዋት ቁርስ ሲበላ ነው። ሁሉም የአደባባይ ቦታ ነው። አድናቂውም ይህንን በደንብ ያውቃል፤ እዚያው ይጠብቀዋል።

አድናቂውን ብቻ ብወቅስ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የግል ጊዜ የሚባል ነገር የለም ብሎ ሕዝቡን ያስተማረው ራሱ ሙያው ነውና።

በሬስሊንግ መንደር «ኬይፌብ» የሚሉት ነገር አለ። በአጭሩ፣ ትያትሩን ከመድረክ ውጪም እንደ እውነት መኖር ማለት ነው። በእኛ የቪዲዮ ቤት ቋንቋ፣ «አክተሩ» እና «ወንበዴው» በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ ጠረጴዛ አይበሉም፣ በአንድ ቡና ቤት አይታዩም። ሕዝቡ ካያቸው ነገ ትኬት የሚቆርጥ የለማ!

ይህ ቀልድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1975 ሬስለሮች የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዊልሚንግተን አጠገብ ተከሰከሰች። ሪክ ፍሌር ጀርባው ተሰበረ። ጆኒ ቫለንታይን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ዳግመኛ ሪንግ ላይ አልወጣም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቲም ዉድስ የሚባል «አክተር» ነበር። ከ«ወንበዴዎቹ» ጋር አብሮ መብረሩ እንዳይታወቅ ሲል፣ የሞት አፋፍ ላይ ቆሞ እንኳን «እኔ ሬስለር አይደለሁም፣ የዝግጅቱ አስተዋዋቂ ነኝ» ብሎ መታወቂያ ስሙን ሰጠ። ወሬው እንዳይዛመትም ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የተጎዳ ገላውን ይዞ ሪንግ ላይ ወጣ። እስቲ አስቡት! ከአውሮፕላን አደጋ ተርፎ ሆስፒታል የተኛ ሰው እንኳን ከሥራው አልወጣም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የኒው ጀርሲ ፖሊስ አንድ መኪና አስቆመ። ውስጡ አይረን ሺክ እና ጂም ደገን አብረው ተቀምጠዋል። በቴሌቪዥን አንዱ የኢራንን ባንዲራ፣ ሌላው የአሜሪካን ባንዲራ ይዘው ደም የሚቃቡ ባላንጣዎች ናቸው! መኪናው ውስጥ የተከለከለ ዕፅ መገኘቱ አንድ ወሬ ነበር። ድርጅቱን ያንገበገበው ግን ሁለቱ አብረው መገኘታቸው ነው ይባላል። ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ።

አንደርቴከርንስ ታስታውሱት የለ? እ.ኤ.አ. በ1990 ብቅ ካለ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ከሪንግ ውጪም ጥቁር ለብሶ፣ ሳይስቅ፣ ቃለ ምልልስ እንኳን እንደ ልብ ሳይሰጥ ኖረ። እንደ ማንኛውም የልጆች አባት ሲስቅና ሲጫወት በሰፊው ያየነው እ.ኤ.አ. በ2020 ጡረታው ሲቃረብ በቀረበው ዘጋቢ ፊልም ነው።

ታዲያ እንዲህ ተኖሮ አድናቂው «ሰውየው ሁሌም በሥራ ላይ ነው» ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

የሚፈረድበት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የያኔው ደብሊው ደብሊው ኤፍ ለኒው ጀርሲ ሴኔት «የኛ ነገር ስፖርታዊ ውድድር ሳይሆን መዝናኛ ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ይህን ያለው እውነት አስጨንቆት አይደለም፤ እንደ ቦክስ በኮሚሽን ከመቆጣጠርና ከግብር ለመገላገል ነው። ያም ሆነ ይህ መጋረጃው ተገለጠ። ዛሬ ትያትር መሆኑን የማያውቅ አድናቂ የለም። ትያትር መሆኑን ካወቅን ደግሞ መጋረጃው ሲዘጋ ተዋናዩ ወደ ቤቱ እንደሚሄድም ማወቅ አለብን። እኛ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዝነው። «ውሸት መሆኑን አውቃለሁ» ብሎ የሚኩራራው ሰውዬ ራሱ ኤርፖርት ሲያገኘው «እስቲ ያቺን ፊት አሳየኝ!» ይለዋል።

ሜክሲኮዎች በዚህ ይበልጡናል ልበል? ኤል ሳንቶ የሚባል ባለ ብር ቀለም ጭምብል ታላቅ ሬስለር ነበራቸው። ፊቱን ለሕዝብ አሳይቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 1984 በቴሌቪዥን ቀርቦ ጭምብሉን ከፊቱ ላይ ጥቂት ገለጥ አደረገ። ቀናት አልፈው የካቲት 5 ቀን አረፈ፤ የተቀበረውም ጭምብሉን እንደለበሰ ነው። ለእሱ ጭምብሉ ሥራ ብቻ አልነበረም፣ በርም ነበር። ሲያወልቀው ማንም የማያውቀው ሰውዬ ይሆናል። ያ ቁርሱን የቀዘቀዘበት የኛ ሰው ግን የሚያወልቀው የለውም። ፊቱ ራሱ ነው ጭምብሉ።

ነገሩ በቀዘቀዘ እንቁላል ብቻ ቢያበቃ ይህን ሁሉ አልለፈልፍም ነበር። አሁን አሁን ኤርፖርት የሚጠብቁት ሁሉ አድናቂ አይደሉም። ሃያ ሠላሳ ፎቶ ተሸክመው «ለልጄ ነው፣ ፈርምልኝ» ብለው አስፈርመው ኢንተርኔት ላይ የሚቸበችቡ ነጋዴዎች ሞልተዋል። ከዚያ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሶንያ ዴቪል የምትባል ሬስለር ፍሎሪዳ ውስጥ ቤቷ ሳለች አንድ «አድናቂ» ቢላና ማሰሪያ ይዞ በሌሊት ገባባት። አምልጣ ፖሊስ ጠራች፤ ሰውየው ተይዞ በኋላም እስር ተፈረደበት። አዎ፣ ጀርባ ቸብ የሚያደርገውና ቢላ ይዞ የሚመጣው አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ሰፊ መንገድ አለ። የመንገዱ መነሻ ግን አንድ ነው፤ «ስለምወድህ የኔ ነህ» የሚል ሐሳብ።

«ሕዝቡ አይደል እንዴ ያበላው? ዝና ካልፈለገ ለምን ገባበት?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሕዝቡ አብልቶታል። ለዚያም ነው ሪንግ ላይ ጀርባው እስኪላላጥ የሚወድቅልን። ሒሳቡ እዚያው ተዘግቷል። የልብስ ሰፊውን ሥራ ስለወደድኩ ሌሊት በሩን አንኳኩቼ «ቁልፌን ትከልልኝ» እለዋለሁ? ትኬቱ ትግሉን ነው የሚገዛው፤ ቁርሱን አይጨምርም። አድናቂን ለማግኘት ደግሞ ሰዓት አለው። ፊርማ የሚሰጥበት፣ ፎቶ የሚነሳበት፣ ወረፋ የሚያዝበት ፕሮግራም ሞልቷል። እዚያ ሲሄዱ እሱም ተዘጋጅቶ፣ ፈገግታውን ይዞ ይጠብቃል።

በድንገት መንገድ ላይ ካገኛችሁትስ? ሰው ናችሁና ልባችሁ ይዘላል፤ ይዝለል። ግን መጀመሪያ እዩት። እየበላ ነው? ልጁን ይዟል? ስልክ ላይ ነው? ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዓይኑን ጨፍኗል? እንደዚያ ከሆነ እለፉት። ካልሆነ ከፊት ለፊት ሂዱ፤ ከኋላ መጥቶ ትከሻ መያዝ ለማንም አይመችም። ያ ትከሻ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተቀደደ እናንተ አታውቁም። «ይቅርታ፣ ሰላም ልበልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። «አሁን አይመቸኝም» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ፤ «ጉረኛ ነው» እያላችሁ ስሙን አታጥፉ። ክፍሉ ድረስ፣ መኪናው ድረስ አትከተሉት። አንገቱን ለማነቅ አትሞክሩ፤ ይህንን የሚሞክር አለ! ደግሞም «እገሌ እዚህ ምግብ ቤት ነው» ብላችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። የእኔን ወዳጅ ሬስለር ስም ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ስሙንና ቦታውን ብጽፍ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ስልኩን ደግኖ እዚያች ወንበር ዙሪያ ይቆማል።

ይህንን ስጽፍ ከንጹሕ ሰው አፍ የወጣ እንዳይመስላችሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ አንድ የምንወደው የኮሜዲ ተዋናይ የሐኪም ወረቀት እጁ ላይ ጠቅልሎ ተቀምጧል። አላስቻለኝም። በአንድ ድራማ ላይ የሚላትን ቀልድ ጮክ ብዬ አልኩለት። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ፣ ተነሳ፣ እጄን ጨበጠኝ። «አንዴ ራስህ በላት እስቲ!» አልኩት። አላት። ሰው እንደገና ሳቀ። ወዲያው ነርሷ ብቅ ብላ «የወይዘሮ እገሊት ቤተሰብ!» ስትል ያ ፈገግታ ከፊቱ ላይ እንደ መብራት ጠፋ። ሮጦ ገባ። ውስጥ የነበሩት እናቱ ናቸው። በሳምንቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

እናቱ ሊሞቱበት እያጣጣሩ እኔን ያሳቀኝን ያን ሰው ባሰብኩት ቁጥር ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላሉ አበው። እኔን ነው። ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ጠፍቶን አይደለም። የሚበላ ሰው ስናገኝ «መልካም ምግብ» ብለን የምናልፍ፣ የከፋው ሰው አጠገብ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግ ሰዎች ነን። ፊቱን በቴሌቪዥን ያየነው ሰው ሲሆን ነው ሁሉም የሚረሳን።

አብሮ አደጌን መልሼ ደወልኩለትና ጠየቅኩት።

«ታዲያ ምንም ሳትለው ወጣህ?»

«ልወጣ ስል ቀና ብሎ አየኝ። ከሩቁ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እንደ አገራችን ጎንበስ አልኩለት።»

«እሱስ?»

«ሹካውን ትንሽ ከፍ አደረገልኝና መብላቱን ቀጠለ።»